ነጩ ወይስ አጭሩ፦ የአንድ የሱሉልታ ፎቶ አንሺ የሌንስ ምርጫ

የአክስቴ ልጅ ጥቅምት 2017 መጨረሻ ላይ ማታ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ ነጩን ላገኘው ነው!» አለኝ።

ነጩን የማያውቅ የሰርግ ፎቶ አንሺ የለም። የካኖን 70–200 ሚሊሜትር ሌንስ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍ 2.8 የሚከፍተው። ሚሊሜትሩ ሲያንስ ሌንስ ሰፊ ያያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል፤ ኤፍ ደግሞ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል። ካኖን ትልልቆቹን ሌንሶች ነጭ የሚቀባው ፀሐይ ላይ እንዳይግሉ ነው። እኛ ጋ ግን ቀለሙ ሌላም ሥራ አለው። ነጩን አንግተህ ድንኳን ስትገባ ሽማግሌው ሳይቀር መንገድ ይለቅልሃል። «ዋናው ካሜራማን መጣ» ይባላል።

ልጁ የሚኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ያነሳል። ካሜራው ያገለገለ ካኖን 70ዲ ነው። ሌንሱ ደግሞ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55። በዚያች ሌንስ ዓመታት ሠርቶ፣ እቁብ ጥሎ፣ ለአንድ ደህና ያገለገለ ሌንስ የሚሆን ብር አጠራቅሟል። ስንት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የካሜራ ዕቃ ዋጋ ብጽፍ እናንተ እስክታነቡት ያረጅብኛል። የነጩ ዋጋ ያለውን በሙሉ ጠርጎ እንደሚወስድ ማወቅ ይበቃል።

ነጩን የፈለገው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። አንደኛው ምክንያት ሯጮች ነበሩ። ሱሉልታ ማለዳ የወጣ ሰው ያውቃል። ጭጋጉ ሳይነሳ ሜዳው ላይ በቡድን በቡድን የሚሮጥ አትሌት አለ። ቀነኒሳ በቀለም ትራክ ያሠራው እዚያው ነው። ልጁ የአትሌት ፎቶ አንስቶ መሸጥ ያምረዋል። ሁለተኛውን ምክንያት ትንሽ አፍሮ ነው የነገረኝ። ባለፈው ሰርግ የሙሽራው አጎት የያዛትን ትንሽ ሌንስ አይቶ «ዋናው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎታል።

እኔ ደግሞ ጥናት ሳያስፈልገኝ መልሱን አውቄዋለሁ ብዬ፣ «ነጩን ተወው። 24–70 ግዛ፤ የሰርግ ሌንስ እሱ ነው» አልኩት። ሁለታችንም እንደተሳሳትን የገባን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ዲስኩን ስንከፍተው

ቅዳሜ ሃርድ ዲስኩን ይዞ አዲሱ ገበያ እኔ ቤት መጣ። የሦስት ሰርግ ፎቶ ነበረበት። ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶ ሲያነሳ ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ላይ እንደነበረ አብሮ ይመዘግባል። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ላይ በሚሊሜትር አጣርተህ ማየት ትችላለህ። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም፤ ሌንስ የሚመርጠው ዩቲዩብ አይቶ ነው።

ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ፎቶው በሁለት ጫፍ ተቆልሏል፤ 18 ላይ አንድ ክምር፣ 55 ላይ ሌላ ክምር። መሃሉ ሳሳ ያለ ነው።

«አየህ!» አለኝ። «55 ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ከዚያ በላይ ቢኖረኝ እሄድ ነበር።»

«አየህ!» አልኩት እኔም። «18 ላይስ? ከዚያ በታች ቢኖርህ አትሰፋም ነበር?»

ሁለታችንም አንድ ሠንጠረዥ እያየን የየራሳችንን ነገር አነበብን። ስለዚህ ቁጥሩን ትተን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርን። ጥናቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው ብል ይሻላል።

18 ላይ የተነሱት የሚጠበቁት ናቸው። ሳሎን ውስጥ የተሰበሰበ ቤተሰብ፣ በር ላይ ከሚዜዎች ጋር የሚደረገው ግፊያ፣ መኪና ውስጥ የተቀመጡ ሙሽሮች፣ ዳቦ ሲቆረስ። 55 ላይ የነበሩት ፊቶች ናቸው። የሚመርቁ አባት፣ የምታለቅስ እህት፣ የሚስቅ ሚዜ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለአልበም አልተመረጡም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ራቁኛ! ከሩቅ ስለሆነ ጥርት አላሉም» አለኝ።

አንዱን አጉልተን አየነው። አባትየው እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ጣቶቻቸው ሁለት ሁለት ሆነዋል። ከኋላቸው ያለው የድንኳን ምሰሶ ግን ጥርት ብሏል። ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ አየን፤ በሰከንድ አንድ አርባኛ። አይኤስኦው፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 3200 ደርሷል። ችግሩ ርቀት አይደለም። ሌንሷ 55 ላይ ስትደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አትከፍትም። ድንኳን ውስጥ ብርሃን የለም፤ ካሜራው ብርሃን ለመለቃቀም ሻተሩን አዘገየ፤ ሰውየው እጃቸውን አንቀሳቀሱ። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በዚያው ቦታ ቆሞ፣ በዚያው ርቀት፣ በሰከንድ አንድ መቶ ስልሳኛ ያነሳ ነበር።

ልጁ ለዓመታት «ሩቅ አይደርስልኝም» ሲል የኖረው፣ ነገሩ «ብርሃን አይበቃኝም» ሆኖ ሳለ ነው። ከዚህ ጥናት አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብትሉኝ ይህን እይዛለሁ።

አንድ ሰርግ ከነጩ ጋር

ያም ሆኖ በወሬ ብቻ አልረታም አለ። መታወቂያና መያዣ አስይዘን ነጩን ለአንድ ቀን ተከራየን። አክስቴ «ቴሌ ተከራይተናል» ስንል ሰምተው «እሰይ፣ ኔትወርኩ ሊስተካከል ነው?» አሉ። ቴሌፎቶ ሌንስን «ቴሌ» ማለት ከለመድን ወዲህ ይህ ግራ መጋባት ቤታችን ውስጥ አልጠፋም።

ሰርጉ እሑድ ኅዳር 1 ነበር። የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ የሚሯሯጥበት ጊዜ። ሙሽሮቹ ተክሊል ነበራቸው። እኔም በራሴ ካሜራ በጎን ላነሳ አብሬው ሄድኩ። ደግም አደረግሁ።

ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ዲያቆኑ ቦታ አሳየን። «ከዚች ምንጣፍ እንዳታልፉ» አለን። ከሙሽሮቹ ወደ ሃያ ሜትር እንርቃለን። እዚህ ላይ ልጁ ነጩን አነሳ፤ እኔ አፌን ዘጋሁ። ቄሱ አክሊሉን ሲያወርዱት ሙሽሪት አንድ ዓይኗን ጨፈን አደረገች፤ እንደ ልጅ፣ ውኃ ሊፈስባት እንደሆነ ሁሉ። ፎቶው ላይ ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል። የካባው ወርቀ ዘቦ ክር ለብቻው ይታያል። በ18–55 ቢሆን ኖሮ ከሩቅ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ ነበር የምናገኘው።

ከዚያ ወደ ሙሽሪት ቤት ሄድን።

በሩ ላይ ሚዜው ይገፋል፣ የሴቷ ወገን ይዘፍናል፣ በሩ አልከፈት ብሏል። ልጁ መሃላቸው ተጣብቋል። ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ የለም፤ ከኋላው ጭፈራው ነው። ማታ ካርዱን ስንከፍት ከዚያ ሁሉ ትርምስ ያገኘነው የአንድ ሚዜ ጆሮ ነው። በጣም ጥርት ያለ ጆሮ።

የጉልበት ስሞሽ ሲመጣ ደግሞ ባሰ። ሙሽሮቹ ተንበርክከው፣ ወላጆቹ ተቀምጠው፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ነገር ነው። በ70 ሚሊሜትር ያን ሁሉ ለማስገባት ስድስት ሜትር መራቅ አለበት። ራቀ። በእሱና በሙሽሮቹ መካከል ወዲያው አሥር ሰው ገባ፤ አሥሩም ስልክ አንስቷል። ሌንስ ሊቀይር ጎንበስ አለ። መሬቱ ቄጠማ ቢጎዘጎዝበትም ከሥሩ አቧራ ነው። ነጩን ነቅሎ፣ ክዳን ፈልጎ፣ ትንሿን እስኪገጥም ሙሽሪት ተነስታ የእናቷን አንገት አቅፋለች። የአባቷን ጉልበት ያገኘሁት እኔ ነኝ። ባልኖርስ?

ከካሜራው ጋርም ይመዘናል። ነጩ ብቻውን 1490 ግራም ነው፤ 70ዲ ከባትሪው ጋር 755። ፍላሹን ሳንቆጥር ከሁለት ኪሎ በላይ ሙሉ ቀን አንገት ላይ ማለት ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ልጁ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር።

በቃ፣ ረታሁ ልል ስል ግን ማታ አንድ ፎቶ መጣ። የሙሽሪት እናት ናቸው። ልጃቸው ወደ መኪናው ስትወጣ አልተከተሏትም። ድንኳኑ ጥግ፣ ምሰሶ ይዘው ቆመው፣ በነጠላቸው ጥለት አንድ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ማንም አላያቸውም። ልጁ ከድንኳኑ ማዶ ሆኖ በ200 ሚሊሜትር አነሳቸው። ቀርበህ ቢሆን ኖሮ ያዩህና ይስቁልህ ነበር። ቤተሰቡ አልበሙ መሃል ላይ በትልቁ ያሳተመው ይህንን ነው።

ስለዚህ የነጩ ውጤት በቁጥር ሲታይ ደካማ፣ በአንድ ፎቶ ሲታይ ከሁሉ በላይ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ትመዝነዋለህ? ሦስት ቀን ተከራከርን።

የእኔ ስህተት

ክርክሩን ለመቋጨት ከአንድ ጓደኛዬ 24–70 ኤፍ 2.8 ተውሼ ሱሉልታ ወጣሁ። አክስቴ ቡና አፍልተዋል። ዘመድም ተሰብስቧል፤ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። «በል እንግዲህ፣ አንሳን» አልኩት በኩራት። የሳሎኑ ወርድ አምስት ሜትር፣ ጥልቀቱ አራት ሜትር ነው። ቤተሰቡ በሰፊው ግድግዳ ተደረደረ። ልጁ ጀርባው ከተቃራኒው ግድግዳ እስኪጋጭ ወደ ኋላ ሄደ።

«ጋሼ፣ አይገባም።»

«ሌንሱን ሙሉ አስፋው!»

«24 ላይ ነኝ።»

ያ ፎቶ እስካሁን አለኝ። በግራ በኩል የአጎታችን ግማሽ ትከሻ አለ። ሌላው የእሳቸው አካል ጠፍቷል።

ለምን ሆነ? 24–70ን «የሰርግ ሌንስ» ያስባለው ፉል ፍሬም ካሜራ ነው፤ ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ 36 ሚሊሜትር ወርድ ያለው። የ70ዲ ሴንሰር ወርዱ 22.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ያንኑ ሌንስ ስትገጥምበት ዕይታው በ1.6 ይጠብባል። 24ቱ 38 እንደሚሆን ቁጠረው። ለዓመታት ፉል ፍሬም ስጠቀም ኖሬ፣ ልጁ የያዘው ካሜራ ሌላ መሆኑን ረስቼ ነው የመከርኩት። አዋቂ ነኝ ብሎ መምከር እንዲህ ያደርጋል።

እዚያው ቡና እየጠጣን በናፕኪን ላይ ሒሳብ ሠራን። ቀላል ነው። የምታነሳውን ነገር ስፋት በሚሊሜትሩ ታባዛለህ፣ ለሴንሰሩ ወርድ ታካፍላለህ፤ የምትቆምበት ርቀት ይመጣል። ለ70ዲ ዓይነት ካሜራ ደግሞ ሁለት አቋራጭ አገኘን። ካሜራውን አቁመህ አንድ የቆመ ሰው ከነትርፉ ለማንሳት ሚሊሜትሩን ለ10 አካፍል። በ200 ሃያ ሜትር፣ በ85 ስምንት ሜትር ተኩል፣ በ55 አምስት ሜትር ተኩል ትርቃለህ። አራት ሜትር ተኩል የሚሰፋ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ካሜራውን አጋድመህ ለ5 አካፍል። በ70 አሥራ አራት ሜትር። በ24 ወደ አምስት ሜትር። በ17 ሦስት ሜትር ከአርባ።

አክስቴ ቤት፣ ቤተሰቡ ራሱ የያዘው ሲቀነስ፣ የቀረው ርቀት ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። 17 ያስገባል፤ 24 አያስገባም። ጠቡ ያለው ሰባት ሚሊሜትር ውስጥ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚያነሳ ሰውማ ከዚህም ይብሳል።

ከዚያ በኋላ «የትኛው ሌንስ ይሻላል» ማለቱን ተውን። ዓመቱን ሙሉ የሠራባቸውን ቦታዎች አስቦ እግሩ የት ቆሞ እንደነበር በሜትር ጻፈ። ሳሎን፣ ሦስት ተኩል። በር ላይ፣ አንድ ተኩል። ድንኳን ውስጥ ለፊት፣ ከሦስት እስከ ስምንት። ቤተ ክርስቲያን፣ ሃያ። ዝርዝሩ ላይ ከአሥር ሜትር በላይ የጻፈው ቤተ ክርስቲያንን ብቻ ነው፤ ተክሊል ደግሞ በየሳምንቱ አይገጥመውም።

ገፈርሳ ወፍ የሚያነሳ ሰው ይህን ቢያነብ ይስቅብኝ ይሆናል። ግድቡ ዳር የምትውለዋ ክንፈ ሰማያዊ ዝይ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የማትገኘው፣ ሳሎን አትገባም። ለእሱ 200ም ያንሰዋል። እሱ ሌላ ሰው ነው፤ ሌላ ጥናት ይጻፍለት።

የተገዛው

በመጨረሻ የገዛነው የካኖን 17–55 ኤፍ 2.8 ነው። በ2006 እንደ ፈረንጆች የወጣ አሮጌ ሌንስ ነው፤ ግን የተሠራው በትክክል ለዚህ ዓይነት ሴንሰር ነው። 645 ግራም ይመዝናል። የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያም አለው፤ ምንም እንኳን ማረጋጊያ የሚረዳው ለአንሺው እጅ እንጂ ለሚጨፍረው ትከሻ ባይሆንም። እስክስታን በሰከንድ አንድ ስልሳኛ ያነሳ ሰው ትከሻ ሳይሆን ጭስ ነው የሚያገኘው።

ልጁ አንድ ጥሩ ጥያቄ አንስቶ ነበር። «ነገ ፉል ፍሬም ስገዛ ይህ ሌንስ አይጥለኝም?» እውነት ነው፣ ይጥለዋል። ነጩና 24–70 ፉል ፍሬም ላይ ይሠራሉ፤ ይኼኛው እንደዚያ አይሆንም። እኔ ግን ለነገ ካሜራ ብሎ የጥርን ሰርግ በ24 ማበላሸት አልታየኝም። ያገለገለ ዕቃ ደግሞ መልሶ ይሸጣል።

መጀመሪያ ያየነውን አልወሰድንም። የስልክ መብራት ከኋላ አብርቼ ስመለከት መስታወቱ ጠርዝ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አየሁ። ሻጩ «የመብራቱ ጥላ ነው» አለ። ሻጋታ ነው። እርጥበት ያለበት ሳጥን ውስጥ ክረምቱን የከረመ ሌንስ ላይ ይበቅላል፤ ከተስፋፋ መስታወቱን ይበላዋል። ሁለተኛውን ወደ አዲሱ ዓይነት ካሜራ፣ ወደ ሚረርለስ፣ ከሚቀይር ፎቶ አንሺ አገኘነው። ቀለሙ ተፋፍቋል፤ መስታወቱ ግን ንጹሕ ነው።

ከነጩ ዋጋ ብዙ ስለተረፈ በትርፉ ያገለገለ 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ተጨመረ። የእናትየዋ ፎቶ ከጭንቅላታችን አልወጣም ነበር። 85 ዙም የለውም፤ ግን ከኤፍ 2.8 እንኳን ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ከሦስት ሜትር ላይ ፊትና ትከሻ ይሞላልሃል። «ቴሌ ፊት ያሳምራል» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። የሚያሳምረው ርቀቱ ነው። በ18 ያንኑ ፊት ለመሙላት ወደ ስልሳ ሳንቲሜትር ትጠጋለህ፤ ያኔ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለሌንሱ በጣም ስለሚቀርብ ያብጣል። 85ቷ ጥቁርና ትንሽ ስለሆነች ደግሞ ማንም ልብ አይላትም።

ተክሊል ሲኖር ነጩን ይከራያል። ኪራዩን ውሉ ላይ ለብቻው አስፍሮ ከደንበኛው ይቀበላል። የሙሽራው አጎትስ? ለእሳቸው መፍትሔ አላገኘንም። አሁንም ሰው ሌንሷን እያየ «ዋናው ሰውዬ» የት እንዳለ ይጠይቃል። ልጁ እናትየዋን ስልኩ ላይ አውጥቶ ያሳያል፤ በነጩ የተነሳች መሆኗን ሳይናገር።

ሯጮቹ ደግሞ ያልጠበቅነው ሆኑ። ታኅሣሥ ውስጥ ልጁ የአንድ የልምምድ ቡድን አሠልጣኝ አስፈቅዶ ማለዳ ሄደ። ከሩቅ መከተል ያለበት መስሎት ነበር። ሯጭ ግን ዙር ነው የሚሮጠው፤ ተመልሶ ይመጣል። ካመለጠህ ትንሽ ጠብቀህ እንደገና ታነሳዋለህ። መታጠፊያው ላይ ከመስመሩ ስምንት ሜትር ተኩል ርቆ፣ 85ን ይዞ፣ ፎከሱን አስተካክሎ ጠበቃቸው። ቅዝቃዜው የትንፋሻቸውን ጭስ አብሮ አስገባለት። ከረፋዱ በኋላ ግን ብዙም አላገኘም፤ ፀሐዩ ሲበረታ ሜዳው ላይ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ የሚነሳው ሁሉ ይርገበገባል። ያኔ ነጩም ቢኖር አያድንም። ከሽያጩ እስካሁን የትራንስፖርቱን ያህል አግኝቷል።

የጥር ሰርግ አልፎ፣ የካቲት ላይ እንደገና ደወለ። ድምፁ ተለውጧል።

«ጋሼ፣ ሌንሱ ውስጥ አቧራ ገብቷል። ከመስታወቱ ኋላ ይታየኛል።»

17–55 በዚህ ይታማል። ሲሰፋና ሲጠብ አየር ይስባል፤ ልጁ ደግሞ የሚሄደው በኮሮኮንች ነው። ጥቂት ብናኝ ፎቶ ላይ እንደማይታይ ነገርኩት። አላመነኝም። ቤት ገብቶ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «አጉልተህ ፈልገው» ይላል ከሥሩ።

አጎላሁት። የአክስቴ ሳሎን ነው። ጀበናው ረከቦቱ ላይ ነው፤ አክስቴ ሲኒ እያቀረቡ ቀና ብለዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለግሁ። አቧራ አላገኘሁም። በግራ በኩል አጎታችን አሉ፤ በሁለቱም ትከሻቸው።